ንግርትን ትንቢት አንበለው

አገር በተናወጠ ቁጥር አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። «አባቶች አስቀድመው ተናግረውታል» ይልና ጥቂት ስንኞች ያስከትላል። አንዱ ትንቢት ይለዋል፣ ሌላው ንግርት። ሁለቱ ቃላት እንዲለዩ የምሟገተው ለቃላት አጠቃቀም ብቻ ተቆርቁሬ አይደለም፤ መደባለቃቸው ሰው ሲጎዳ ስላየሁ ነው።

ትንቢት ባለቤት አለው። ነቢይ በስሙ ቆሞ ይናገራል፣ ቃሉ ሳይደርስ ቢቀርም ይጠየቅበታል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 መለኪያውን አስቀምጦታል፤ የተነገረው ነገር ካልሆነ እግዚአብሔር የተናገረው ቃል አይደለም። ከዚያው «ተነበየ» ከሚለው ቃል የወጣው ትንበያም ቢሆን ተናጋሪው ይታወቃል። የክረምቱን ዝናብ የሚተነብየው የሜትሮሎጂ ባለሙያ ቢሳሳት ስሕተቱን የምንለካበት አለን። ንግርት ግን «ነገረ» ከሚለው የመጣ ነው፤ የተነገረ፣ ሲነገር የኖረ ማለት ነው። ማን ለማን፣ መቼ እንደ ነገረው አይታወቅም። ቃሉም ድፍን ነው፤ ያለ ፍቺ አይጨበጥም፣ ፍቺውም በየዘመኑ ይለዋወጣል።

ይህን ስል ንግርትን ማናናቄ አይደለም። በዘመነ መሳፍንት ጦርነት የተማረረው ሕዝብ ቴዎድሮስ የሚባል ፍትሕ አምጪ ንጉሥ ይነሣል የሚለውን ቃል ይጠብቅ ነበር፤ ቃሉ ስለሚመጣው ዘመን በሚናገረው የግዕዝ መጽሐፍ በፍካሬ ኢየሱስም ሰፍሯል። የቋራው ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበረውን ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥቶ፣ ውቤ ለራሱ ንግሥ ባዘጋጀው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲቀባ የመረጠው ስም ቴዎድሮስ ነው። ብዙዎች ይህን ታሪክ ንግርቱ ለመድረሱ ማስረጃ አድርገው ይጠቅሱታል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ስሙን የመረጠው ሰው ነው። ንግርቱ የሕዝቡን ናፍቆት በአንድ ስም ጠቅልሎ አቆየ፣ ካሳ ደግሞ ናፍቆቱን ዐውቆ ስሙን ለበሰው። ሰላም ይሰፍንበታል የተባለው ዘመን በ13 ዓመቱ መቅደላ ላይ፣ ንጉሡ በገዛ እጁ በተኮሰው ሽጉጥ አበቃ።

ንግርት ይህን ያህል ጉልበት አለው። ሰው ተስፋውን ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱንም ያስቀምጥበታል። «ደም ይፈሳል ተብሏል» የሚለው ቃል ትንቢት ሲባል ደሙ የሰው ሥራ መሆኑ ይረሳል። ገዳዩ አስፈጻሚ ይመስላል፤ ሊያስታርቅ ይችል የነበረው ሽማግሌም «የተጻፈ ነው» ብሎ ከቤቱ ይቀራል። ከሁሉ የሚከፋኝ ይህ ነው። ሊቃውንት «ትንቢት ይቀድሞ ለነገር» ይላሉ፤ ትንቢት ነገሩን ይቀድመዋል። በስልካችን የሚደርሰን አብዛኛው ስንኝ ግን ነገሩ ከሆነ በኋላ የሚመጣ ነው። ቀን የለውም፣ ያስተላለፈው ሰው ስም የለውም።

በዚህ በጣም የተበደሉት በንግርት ግጥማቸው የሚታወቁት የወሎው ሼህ ሁሴን ጅብሪል ይመስሉኛል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአክብሮት የሚያነሣቸው፣ ግጥማቸው በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ ሰው ናቸው። ዛሬ አንድ ሹም በወረደ ማግስት አዲስ ስንኝ በስማቸው ይወጣል። ቤት የማይመታ፣ የወሎ አማርኛ ጣዕም የሌለው ስንኝ ሳይቀር ለእሳቸው ይሰጣል። ግጥማቸውን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ አዛውንቶች እያለፉ ነው፤ እነሱ ሲያልፉ እውነተኛውን ከተለጠፈው የሚለይልን አናገኝም።

ስለዚህ ጋዜጠኞችን የምለምነው ቀላል ነገር ነው። እንዲህ ያለ ስንኝ ስታወጡ ንግርት በሉት፤ ከማን አፍ፣ በየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ዓመት እንደ ተሰማም አብራችሁ ጻፉ። የዩኒቨርሲቲ የፎክሎር ተማሪዎችም መቅረጫ ይዘው ወደ ወሎ ይውጡ፤ ከሚቀጥለው ምርጫ ወይም ከሚቀጥለው ግጭት በፊት፣ አዲስ ስንኝ ሳይጨመር።