«ቀይረው!» ለሚሉን ደጋጎች የቀረበ ምስጋና

ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ የሚውል ሰው ሁሉ ውለታቸውን ከፍሎ የማይጨርስላቸው ደጋግ ሰዎች አሉ። ጥያቄው ተጠይቆ እስኪያልቅ እንኳ አያስጠብቁም። «የብሉቱዝ ማዳመጫዬ ዘፈን ሳዳምጥበት ጥሩ ነው፤ ስብሰባ ስገባ ግን ድምፁ ይታፈናል፤ ምን ላድርግ…» ብሎ የጀመረ ሰው አራት ነጥቡን ሳያደርግ መድኃኒቱ ይደርሰዋል፦ «ሲስተሙን ቀይረው!» ኮምፒውተሩን የሚያስኬደውን ዋና ፕሮግራም ማለታቸው ነው። ዊንዶውስ ላይ ያለው ወደ ማክ፣ ማክ ላይ ያለው ወደ ሊኑክስ፣ ሊኑክስ ላይ ያለው ደግሞ ወደ ሌላ ዓይነት ሊኑክስ እንዲሰደድ ይታዘዛል።

ቅልጥፍና ማለት ይህ ነው። ጉዳዩ ተራ ባለሙያ እጅ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ስንት ዝባዝንኬ እንሰማ ነበር! የተለመደው ብሉቱዝ ጥራት ያለውን ድምፅ የሚልከው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ የማዳመጫው ማይክ በተከፈተ ቁጥር ወደ ስልክ ጥሪ አሠራር ይወርዳል፤ ይሄ ደግሞ ከሲስተሙ ሳይሆን ከብሉቱዙ የመጣ ስለሆነ በሦስቱም ላይ ያው ነው፤ ስለዚህ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ለመስሚያ ማዳመጫውን፣ ለመናገሪያ የላፕቶፑን የራሱን ማይክ ምረጥ ብሎ በሁለት ክሊክ ይገላግለን ነበር። ሁለት ክሊክ ምን ወግ አለው? ዲስክ ማጽዳት፣ ፋይል ማሸጋገር፣ ፕሮግራሙን ሁሉ እንደ አዲስ መጫን፣ በመጨረሻም ያንኑ የታፈነ ድምፅ በአዲስ ሲስተም መስማት ነው እንጂ ወግ!

ደጋጎቹ ሦስት ወገን ናቸው፤ ሦስቱም ለየቅል ይደነቃሉ።

የዊንዶውሱን ጠበቃ የምናደንቀው በትዕግሥቱ ነው። ኮምፒውተሩን ማታ ማታ ያጠፋል። ያጠፋ ይመስለዋል ማለት ይሻላል፤ ምክንያቱም ከዊንዶውስ 8 ወዲህ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለው ነገር ከተከፈተ፣ ሹት ዳውን ሲባል ፕሮግራሞቹ ይዘጋሉ እንጂ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ያለበት ሁኔታ ዲስክ ላይ ተጽፎ ያድራል፤ ጠዋት ካቆመበት ይቀጥላል። ትናንት የተወላገደው የዋይፋይ ድራይቨርም (ዋይፋዩን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ከነውልግድናው በሰላም ይነሳል። ታስክ ማናጀር ተከፍቶ ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሲፒዩ የሚለው ቢታይ፣ በየማታው ሲጠፋ የከረመው ማሽን ሳምንታት ሙሉ አለማረፉን «አፕታይም» የሚለው ቁጥር ይመሰክራል። በእውነት የሚያጠፋው ሪስታርት ነው። ወይም ሺፍትን ተጭኖ ይዞ ሹት ዳውንን መንካት። ለማጥፋት ማስነሳት፣ ለማስተኛት ማጥፋት፤ ይህን ሁሉ በቃሉ የያዘ ሰው «ዊንዶውስ እኮ ምንም ነገር መማር አያስፈልገውም» ሲል የማያደንቅ ማን ነው?

ፋስት ስታርትአፕን ለመዝጋትም መንገዱ ቀላል ነው ይለናል። ሴቲንግ ውስጥ እንዳትፈልገው ብቻ። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ «የፓወር ቁልፎቹ ምን ይሥሩ» የሚለው፣ ከዚያ «አሁን ሊነኩ የማይችሉትን ሴቲንጎች ቀይር» የሚለው፣ ከዚያ ምልክቱን ማንሳት። ሴቲንግ የሚባለው አዲሱ ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ 8 ጋር ከመጣ ጀምሮ አሮጌው ኮንትሮል ፓነል ዕቃውን ጠቅልሎ አልወጣለትም። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ሁለት ቤት ማስተዳደር አልከበደንም ብሎ፣ ቀኝ ክሊክ ሲደረግ የሚመጣውንም ዝርዝር ሁለት አደረገው፤ የፈለግነው ሁልጊዜ «ተጨማሪ አማራጮች» ከሚለው ጀርባ ያለው ነው።

የማኩ ጠበቃ ችግር የሚባል አያውቅም። ችግር ያለበት ጠያቂው ነው። ፋይል መርጠህ ኢንተር ስትጫን በመከፈት ፈንታ ስሙን ልቀይር ካለ፣ ለመክፈት ኮማንድና የታች ቀስት መሆኑን ያላወቅከው አንተ ነህ። ፋይል ቆርጠህ ሌላ ቦታ መለጠፍ ካማረህ ኮማንድና ኤክስ አይሠራም፤ መጀመሪያ በኮማንድና ሲ ትገለብጣለህ፤ ከዚያ መድረሻው ላይ ኮማንድ፣ ኦፕሽንና ቪን አንድ ላይ ስትጫን መገልበጡ ወደ መውሰድ ይለወጣል። ይኸውልህ፣ ረቂቅ ነው! ቀዩን ነጥብ ነክተህ ፕሮግራሙ አልዘጋም ካለህም፣ የዘጋኸው መስኮቱን ነው፤ ፕሮግራሙ በኮማንድና ኪው ካልሆነ አይሰናበትም። የትራክፓዱ አቅጣጫ ተስማምቶህ የማውሱ ተሽከርካሪ ከተገለበጠብህ ደግሞ፣ ሴቲንጉ ለሁለቱም አንድ ነውና አንዱን ሲያስተካክሉት ሌላው ይዞራል፤ ለመነጠል ከውጭ ሌላ ፕሮግራም መጫን ይጠይቃል። «ማን ማውስ ይጠቀማል?» ይልሃል።

የዚህን ወገን የመንፈስ ጽናት በአንድ ነገር ብቻ ልመስክር። መስኮትን ጎትቶ ከስክሪኑ ጠርዝ ጋር በማላተም ግማሹን ማስያዝ ዊንዶውስ 7 በ2009 እ.ኤ.አ. ይዞት መጣ። ማክ ይህን በራሱ የቻለው በ2024፣ ሴኮያ በተባለው ዕትም ነው። በመሃል ባሉት 15 ዓመታት ጠበቃው «ለምን ያስፈልጋል? ሰው መስኮቱን እንደ ልቡ ነው የሚያስቀምጠው» ሲለን ከረመ። ሴኮያ የወጣ ዕለት ግን ሁለት መስኮት ጎን ለጎን አድርጎ ፎቶ አንስቶ አሳየን፤ «ሥራዬን የቀየረ ነገር» ከሚል ጽሑፍ ጋር። ያው ሴኮያ በሌላ እጁ፣ ከአፕል ማረጋገጫ ያላገኘን ፕሮግራም በኮንትሮል ክሊክ ማስከፈትን አስቀረ፤ አሁን መጀመሪያ ከፍተህ ትከለከላለህ፣ ሲስተም ሴቲንግስ ትገባለህ፣ ፕራይቬሲና ሴኩሪቲ የሚለውን እስከ ታች ትወርዳለህ፣ «ለማንኛውም ክፈተው» ትላለህ፣ ፓስወርድ ትሰጣለህ። ጠበቃው ይህንንም ወዶታል። ቢጨመርበትም ይወደዋል።

ወደ ሊኑክሱ ስንደርስ ኮፍያ ይነሳል። ይህ ሰው ራሱን ያስተማረ፣ ሲስተሙ ሲወድቅ የሚያነሳ፣ ምክንያቱንም የሚያውቅ ነው፤ ይህን ያለ ሽሙጥ መናገር ይቻላል። ሽሙጡ የሚጀምረው «አያቴ እንኳ ትጠቀመዋለች» ሲል ነው። አያት ከአፕዴት በኋላ ጥቁር ስክሪን ሲገጥማቸው ምን እንደሚያደርጉ ግልጽ ነው። የኤንቪዲያ (የግራፊክስ ካርድ አምራቹ) ድራይቨር ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እንደገና መሠራት እንዳለበት፣ ግንባታው ከከሸፈ ወይም ማሽኑ ሲነሳ በር የሚጠብቀው ሴኪዩር ቡት ያልተፈረመበትን ድራይቨር አላስገባም ካለ ግራፊክሱ እንደማይነሳ ወዲያው ይገባቸዋል። ሳይደናገጡ ማሽኑን አስነስተው ኢስኬፕን ወይም ሺፍትን ይነካሉ፤ የግረብ (የማስነሻው) ዝርዝር ሲመጣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ገብተው ትናንት ይሠራ የነበረውን የቀድሞ ከርነል ይመርጣሉ፤ ከገቡ በኋላ ድራይቨሩን እንደገና ይጭናሉ። ከዚያ ወደ ጥልፋቸው ይመለሳሉ።

ጠበቃው ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ሁሉ ለባለቤቱ ይመልሳል። ጥቁሩ ስክሪን የኤንቪዲያ ጥፋት ነው። ዋይፋዩ አለመሥራቱ የቺፑ አምራች ጥፋት ነው። (ድራይቨሩን ለማውረድ ኢንተርኔት፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨሩ ይፈለጋል፤ ስልክን በኬብል አገናኝቶ ዳታ ማጋራት ግን ከዚህ አዙሪት ያወጣል።) ከፍላትፓክ (ፕሮግራምን ከሌላው አጥሮ ከሚጭነው ሥርዓት) የተጫነው ፕሮግራም ፍላሹን አላይም ማለቱ የፈቃዱ ጥፋት ነው፤ የግኖሙ (የሊኑክሱ ዴስክቶፕ) ማራዘሚያ በአዲሱ ዕትም መሞቱም የማራዘሚያው ደራሲ ጥፋት ነው። ሊኑክስ ራሱ ንጹሕ ነው። እውነትም አብዛኛው የሌሎች ጥፋት ነው፤ ይህ መሆኑ ግን ጥቁሩን ስክሪን ሲያበራው አላየንም።

ሦስቱም ወገኖች የራሳቸውን ሲስተም ጉድለት በየቀኑ በጣታቸው እያስታመሙ፣ ጣታቸው የሚሠራውን አያዩም። የዊንዶውሱ ሪስታርት ማድረጉን፣ የማኩ ሦስት ቁልፍ መጫኑን፣ የሊኑክሱ የቀድሞ ከርነል መምረጡን እንደ ችግር አይቆጥረውም፤ ለምዶታልና። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእነዚህ ነው ብንል አይከፋቸውም፤ ሁሉም ስለ ሌላኛው ወገን የተነገረ ይመስላቸዋል።

አሁን ደግሞ የንጽጽር ሳይንሳቸው። አምስት ዓመት ያገለገለ፣ በሚሽከረከር ዲስክ የሚሄድ፣ ሲነሳ ሃያ ፕሮግራም አብሮት የሚነሳ ዊንዶውስ ይቀርባል። ዲስኩ ወጥቶ ፈጣኑና የማይሽከረከረው ኤስኤስዲ ይገባል። ሊኑክስ ከባዶ ይጫናል። «ማሽኑ ነፍስ ዘራ!» ይባላል፤ ጭብጨባው ሁሉ ለሊኑክስ። በዚያው ኤስኤስዲ ላይ ያው ዊንዶውስ ከባዶ ቢጫን ምን እንደሚሆን መሞከር ደስታ ማበላሸት ነው። የዊንዶውሱ ወገን በበኩሉ «በስንት ሰከንድ ተነሳ» ብሎ ይወዳደራል፤ የራሱ ከእንቅልፍ ሲነቃ፣ የሌላው ከሞት ሲነሳ ማለት ነው። ስለ ራም የሚደረገው ክርክር ደግሞ ከሁሉም ይጥማል። ትርፍ ራም ሥራ ፈት ሆኖ እንዳይቀመጥ ሦስቱም ሲስተሞች በቅርብ የተነበቡ ፋይሎችን ያቆዩበታል፤ ሲፈለግ ይለቁታል። ስለዚህ «ምንም ሳልከፍት ይህን ያህል ይበላል» የሚለው ቁጥር ብቻውን የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው። ማሽኑ ራም አጥሮት ወደ ዲስክ እየጻፈ መሆን አለመሆኑን ማየት ይሻላል፤ ግን ያ ለፎቶ አይመችም።

ፕሪንተርን እንለፈው። ማክም ሊኑክስም የሚያትሙት በዚያው ከፕስ በሚባል ሥርዓት ስለሆነ፣ በዚህ ጉዳይ ሲሰዳደቡ ያየ ሰው ሽማግሌ መላክ ይከብደዋል።

ሽማግሌ ካልን፣ «ለምን ትጣላላችሁ? ሁለቱንም ጫን» የሚል አስታራቂም አለ። እርቁ እንዲህ ነው የሚጸናው። ዊንዶውስ ሹት ዳውን ተብሎ ስላልጠፋ የዲስኩን ክፍል እንደያዘ ይተኛል፤ ሊኑክስ ሲነሳ ያንን ክፍል ለንባብ ብቻ ይከፍትና ምንም አልጽፍበትም ይላል። ዊንዶውስ የማዘርቦርዱን ሰዓት የአካባቢ ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል፣ ሊኑክስ ደግሞ የዓለም አቀፉን፤ ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገሩ ቁጥር ሰዓቱ ከግሪንዊች ያለውን ልዩነት ያህል ይዘላል፣ የስብሰባ ማስታወሻውም ስብሰባው ካለቀ በኋላ ይጮኻል። ሊኑክሱን «የአካባቢውን ሰዓት ተጠቀም» ማለት በአንድ መስመር ትእዛዝ የሚያልቅ ነገር ነው፤ አስታራቂው ግን እዚህ ጋ ሲደርስ ሌላ ሰው ለማስታረቅ ሄዷል። ፋይል በፍላሽ ማመላለስም አለ፦ በፋት 32 ከተፎረመተ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ በኤንቲኤፍኤስ ከሆነ ማክ ያነባል እንጂ በራሱ አይጽፍበትም፤ ሦስቱንም የሚያስማማው ኤክስፋት ነው፣ እሱም ሳያስወጡ ከነቀሉት ቶሎ ይቀየማል። ማኩ ደግሞ በየፎልደሩ በነጥብ የሚጀምሩ ትንንሽ ፋይሎችን ጥሎ ይሄዳል፤ ዊንዶውስ ላይ የከፈተው ሰው ቫይረስ ነው ብሎ ይደነግጣል፣ «ቀይረው» ባዩም ይጠራል።

ወርቃማ ዘመናቸው የገባው ግን ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ቀን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ አበቃ፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ፣ ሴኪዩር ቡትን የሚችል ማሽን፣ በኢንቴል በኩልም በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። «ኮምፒውተሬ አይቀበልም አለኝ» የሚል ሁሉ በአንድ አፍ «ጣለውና ማክ ግዛ»፣ በሌላው «ዛሬ ማታ ሊኑክስ ጫን» ተባለ። ቺፑ ብዙ ማሽን ላይ በፕሮሰሰሩ ውስጥ እያለ ባዮስ (ከሲስተሙ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ማስተካከያ) ላይ ተዘግቶ እንደሚገኝ፣ በኢንቴል ፒቲቲ፣ በኤኤምዲ ኤፍቲፒኤም በሚል ስም ተፈልጎ እንደሚከፈት፣ ፕሮሰሰሩ ያረጀበት ሰውም እስከ ኦክቶበር 2026 የሚዘልቅ የተራዘመ የደኅንነት አፕዴት መመዝገብ እንደሚችል መናገር የምክሩን ግርማ ይቀንሳል።

ባዮስ ከመነካቱ በፊት ዲስኩን የሚቆልፈውን ቢትሎከርን ለጊዜው ማቆም፣ ቢያንስ ቁልፉን ወረቀት ላይ መገልበጥም እንዲሁ። መካሪው «ሴኪዩር ቡትን ዝጋው፣ ከፍላሹ አስነሳው» ይላል፤ ጠያቂው ይዘጋል፤ ነገሩ አልሆንለት ብሎ ወደ ዊንዶውሱ ሲመለስ ሰማያዊ ስክሪን 48 አሃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ይጠይቀዋል። «ፎቶዎቼ በሙሉ እዚያ ውስጥ ናቸው፤ ቁልፉን ከየት ላምጣ?» ብሎ ሲጮኽ፣ በሌላ ስልክ የማይክሮሶፍት አካውንትህ ውስጥ ግባና እይ፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ይቀመጣል ብሎ ማዋረድ ከደግ ሰው አይጠበቅም። «ድሮስ ቆልፎ የያዘህ ዊንዶውስ ነው! ዲስኩን ጠቅላላ አጽዳው። ከባዶ ሲጀመር እንዲያውም ይፈጥናል።»