የፈላ ውሃ የመኪና ላሜራ ጭርምት አያወጣም

ወንድሜ የመኪና በር ላይ ላለው ጭርምት የፈላ ውሃ ድፋበት ከዛ በረዶ አድርግበት ራሱ ብቅ ይላል ያልከው እዚህ ባህርዳርም ብዙ ሰው ሲል እሰማለሁ ግን ላሜራ ላይ፣ ማለትም የመኪናው የብረት አካል ላይ አይሰራም። የሚሰራው ፓራውልት (የፊትና የኋላ ባምፐር) ላይ ነው፣ ፕላስቲክ ስለሆነ ሲሞቅ ይለሰልስና ከውስጥ በእጅህ ገፋ ስታደርገው ይመለሳል። ብረት 100 ዲግሪ ላይ ምንም አይለሰልስም፣ ቀለሙን ነው የምትጎዳው። ላሜራ ሲመታ ይለጠጣል፣ ስለዚህ የበሩን ሽፋን ፈተህ ከውስጥ ከባድ ብረት ደግፈህ ዙሪያውን ያበጠውን ጠርዝ ከዳር ወደ መሃል በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልክ መታ መታ ነው የምታደርገው፣ መሃሉን በአንዴ ከነረትከው ይብስበታል። እየመታህ ደግሞ በመዳፍህ ዳሰስ አድርገው፣ አይን የማያየውን እጅ ያገኘዋል።

ጉድጓዱን በስቱኮ (ተቀብቶ በሚደርቅ መሙያ) ሙላው ያልከውንም እባክህ አስተካክለው። ስቱኮ ለመጨረሻ ማስተካከያ ነው፣ 3 ሚሊ አካባቢ ይበቃል፣ ከወፈረ ይሰነጠቃል። ደግሞ እርጥበት ይጠጣል፣ በክረምት እዚህ ጣና ዳር አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ሳትቀባው ውጭ ካሳደርከው ከስር ዝገት ይጀምርና ቀለሙን ያስነሳብሃል፣ ያኔ ሁሉንም ልጠህ እንደ አዲስ መጀመር ነው።