«ምፅ» ካልን በኋላ

ሁለት ጎንደሬዎች ፒያሳ ላይ ሲገናኙ መጀመሪያ ትከሻ ለትከሻ ይገጫጫሉ፤ ከዚያ ጥያቄው ይወርዳል። «እንዴት ዋልህ? ደህና ነህ? ልጆች ደህና ናቸው? እናትህስ? ሥራ እንዴት ነው? ጤናህስ?» በጥያቄና በጥያቄ መካከል ትንፋሽ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። የወዲያኛውም በዚያው አፍታ እነዚያኑ እየጠየቀ ስለሆነ፣ አስፋልቱ ዳር የቆሙት ሁለት ጠያቂዎች ናቸው፤ መላሽ የለም። በመጨረሻ ሁለቱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለው ይለያያሉ። የአንደኛው እናት ግን አልጋ ከያዙ ሰንብተዋል።

ሰላምታው ራሱ ነውር የለበትም። ነገር የሚበላሸው አንዱ ተሳስቶ እውነቱን የመለሰ ዕለት ነው። «ኧረ ደህና አይደለሁም» ያለ ሰው መንገድ መሀል እንደተበላሸ ባጃጅ ይታያል፤ ሁሉም ያዝንለታል፣ ሁሉም በዳር በኩል ሊያልፈው ይፈልጋል። ጠያቂው ግራ ቀኝ ያያል፤ ከንፈሩን «ምፅ!» ያደርጋል፤ «አይዞህ፣ ሁሉም ያልፋል፤ እንደዋወላለን» ይላል። ሁሉም ከማለፉ በፊት እሱ ያልፋል።

«ምፅ» ከአንድ ሰከንድ በታች የምታልቅ፣ ምራቅ እንኳ የማትጨርስ ነገር ናት። የሚደንቀው በዚህ ዋጋ የምትሰጠው ደረሰኝ ነው፤ ከንፈሩን የመጠጠ ሰው መዋጮውን ከፍሎ የጨረሰ ይመስለዋል። እድርም እዚህ ላይ አይረዳንም። እድር ከቀብር የቀረውን ይቀጣል፤ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ አንድ ቃል ሳይሰማ የወጣውን የሚቀጣበት አንቀጽ የለውም።

የሰው ጭንቀት መስማት እንግዲህ ሙያ ነው፤ ለሙያው ደግሞ ጎንደር ከበቂ በላይ መሣሪያ ሰጥታናለች። የመጀመሪያው ቡና ነው። ፍሬው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ጭሱ ለእንግዶች ዞሮ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው ፈልቶ፣ ሦስቱም ዙር እስኪጠጣ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። የትኛው ዙር ላይ ምን እንደሚወራ የማያውቅ ሰው ግን ሰዓቱን በከንቱ ይጨርሰዋል።

አቦል ላይ ምንም ከባድ ነገር አትጠይቁ። አቦል የአደባባይ ነው፤ የጤፍ ዋጋ፣ የሽንኩርት ዋጋ፣ መብራት መቼ ሄዶ መቼ መጣ፣ ቅዳሜ ገበያ ዶሮ ስንት ገባ። ግቢው ሙሉ ነው፣ ጆሮውም እንዲሁ። እዚህ ላይ «እትዬ፣ ልጅዎ ከባለቤቱ ጋር ታረቀ ወይ?» ያለች ጎረቤት መልሱ «ተመስገን፣ ሰላም ናቸው» እንደሚሆን ሳትጠይቅም ታውቀው ነበር። አቦል እንዳለቀ ግማሹ እንግዳ «ልጅ ጥዬ መጥቻለሁ»፣ «ሊጥ አቡክቻለሁ» እያለ ይነሣል። ቶና ላይ የሚቀረው ሦስት አራት ሰው ነው። የሆድ የሚወጣው ያኔ ነው፤ ምክንያቱም ቡናው እየቀጠነ፣ ሰሚውም እየቀነሰ ሄዷል። በረካ ላይ ደግሞ ለቡናው ሲል የሚቆይ የለም፤ ያው አተላ ሦስተኛ ውኃ ተጨምሮበት ምን ጣዕም ሊኖረው? እዚያ ድረስ የቆየ ሰው የሚለው አለው፤ ወይም የሚሰማው። ስለዚህ ቶና ላይ ጠይቆ በረካ ሳይጠጣ የሚነሣ ሰው ቁስሉን ገልጦ ሳያሥር የሄደ ነው፤ ባይጠይቅ ይሻል ነበር።

መቀመጫም ይለያያል። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ዐይን ዐይን ያያል፤ በኛ ባህል ደግሞ ታላቅን ዐይን ዐይኑን እያዩ ማናገር ድፍረት ስለሆነ፣ ወጣቷ ምራት የልቧን ልትናገር ብትፈልግ እንኳ ቄጠማውን እያየች ታቋርጠዋለች። ከጎን፣ ከረከቦቱ አጠገብ መቀመጥ ነው የሚበጀው። ስኒ እያለቀለቁ የሚሰሙት ነገር ብዙ ነው፤ እጅ ሥራ ላይ ሲሆን አፍ ይፈታል። ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ጉልበት ላይ ተደፍቶ የተቀመጠ ስልክም ቢሆን «አንቺ ብትጨርሺልኝ እኔ ሌላ ጉዳይ አለኝ» እያለ ነው።

አሁን እንበልና እትዬ ተናገሩ። «ልጄ ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ፤ እስካሁን ቤት ነው የሚውለው» አሉ። በዚህ ጊዜ ግቢው ውስጥ ያሉት በጎ ሰዎች ሁሉ ይረባረባሉ። አንዷ ጨረታውን ትከፍታለች፦ «ውይ እትዬ፣ ይሄማ ምን አለው! የኔ የእህቴ ልጅ አራት ዓመቱ!» ይህች ሴት ክፉ አይደለችም፤ የባሰ በማቅረብ ያለውን ያቀለለች መስሏታል። ውጤቱ ግን እትዬ በሁለት ዓመት ተሸንፈው ዝም ማለታቸው ነው። ሁለተኛዋ ሐኪም ናት፤ ለራስ ምታቱም ለሥራ ማጣቱም ዳማከሴና ጤና አዳም ታዝዛለች፣ ካልሆነም ጠበል ቦታ ታውቃለች። ሦስተኛው መርማሪ ነው፦ «በምንድን ነው የተመረቀው? ነጥቡ ስንት ነበር? እስከ ዛሬ ስንት ቦታ አመለከተ?» ቃል የሚቀበል እንጂ ቡና የሚጠጣ አይመስልም። አራተኛው ደግሞ «እግዜር ያመጣውን እግዜር ይመልሰዋል» ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ከመናገራቸው በፊት እትዬ አንድ ጭንቀት ነበራቸው፤ አሁን ሁለት ሆነ፦ ልጃቸውና መናገራቸው። በሚቀጥለው ቡና «ሆድ ይፍጀው» ይላሉ።

ይህ ሁሉ የሚመጣው ከዝምታ ፍርሃት ይመስለናል። ሰው ተናግሮ ሲያበቃ ዝም ማለት እንደ ንቀት ይቆጠራል፤ ወይም እንደ እንቅልፍ። መፍትሔው ግን አፋችን ላይ አለ። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንላት አጭር «እህ!» አለችን፤ የውጭ ሰው ሲሰማት የደነገጥን ይመስለዋል። እሷ ተናጋሪውን ሳታቋርጥ «አለሁ፣ ቀጥል» ትላለች። በየሁለትና ሦስት ዐረፍተ ነገሩ አንዴ ትበቃለች። በየቃሉ ከሆነ አስም ነው የሚመስለው፤ ጭራሽ ከጠፋችም እትዬ አንገታቸውን አዙረው «ትሰሚኛለሽ?» ማለታቸው አይቀርም።

መልስ አሰጣጡን ለመማር ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አዝማሪ ቤት ግቡ። ደንበኛው «ተቀበል!» ብሎ አንድ ስንኝ ይጥላል። አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ ስንኙን ከነቃሉ ይመልሰዋል፤ አያርመውም፣ አያሳጥረውም፣ «የኔ ይበልጣል» አይልም። የራሱን የሚጨምረው የተሰጠውን ሙሉ በሙሉ ከመለሰ በኋላ ነው። ቤቱ የሚስቀው፣ ብሩም ግንባሩ ላይ የሚለጠፈው፣ ያ ሰው የተናገረው ነገር ሳይጎድል ተመልሶ ስለመጣለት ነው። ቡና ላይ ያለነው እኛ በተቃራኒው ስንኙ ሳያልቅ የራሳችንን እንጀምራለን።

ስለዚህ ለእትዬ መጀመሪያ የራሳቸውን ቃል መመለስ፦ «ሁለት ዓመት ሙሉ ቤት።» ጥያቄ አይደለም፣ ምክርም አይደለም። ከዚያ አንድ ትኩስ ጉንጭ ቡና በጉሮሮ እስኪወርድ መጠበቅ። ብዙውን ጊዜ ቀጣዩ ነገር በራሱ ይመጣል፦ «አዎ፣ እኔን የሚያሳዝነኝ ማታ ማታ እንቅልፍ ማጣቱ ነው።» ይኸው! ነገሩ ሥራ ሳይሆን እንቅልፍ ሆነ፤ መርማሪው ነጥቡን ሲጠይቅ ይህን መቼም አያገኘውም ነበር። ካልመጣ ደግሞ አንድ ጥያቄ፣ አጭር ሆኖ፦ «እርስዎን የቱ ነው ያስጨነቀዎት?» «ለምን» በሚል ቃል አትጀምሩ፤ «ለምን ቤት ይውላል?» ሲባል እናት ልጇን ለመከላከል ትነሣለች፣ ወሬው ክርክር ይሆናል። ምክር ያላችሁ እንደሆነ ቢያንስ አስፈቅዱ፤ «አንድ ነገር ልበል ወይስ ልስማዎት?» ማለት ምንም አያስወጣም። አብዛኛው ሰው «ዝም ብለሽ ስሚኝ» ብሎ ይመርጣል፣ ከዚያ በረካ ላይ ራሱ ምክሩን ይጠይቃል።

ወንዶቹስ? ወንድ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሆዱን እንዲገልጥ ከተፈለገ ብዙ ጊዜ አረቄ ይቀርባል። ችግሩ አረቄ ላይ የተነገረውን በማግስቱ ተናጋሪውም ሰሚውም አለማስታወሳቸው ነው፤ ወይም አንዱ ብቻ ማስታወሱ፣ ይህም ይብሳል። የተሻለው በእግር መሄድ ነው። ከፒያሳ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ነው፤ ሁለቱም ወደፊት ስለሚያዩ ማፈር ይቀንሳል። ከዚያ ወደ ቁስቋም ዳገቱን መቀጠል ነው። እቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥታቸውን ከከተማው ጫጫታ ርቆ እዚያ ላይ ያሠሩት አውቀው ይሆናል፤ ዳገቱ አድማጩን ትንፋሽ ስለሚያሳጥረው ለመምከር አቅም አይተርፈውም። ቁልቁለቱ ያናግራል፣ ዳገቱ ያዳምጣል። የሚያጋጥመው ዋና እንቅፋት በየመቶ ሜትሩ የሚመጣው ሰላምታ ነው፤ ስለዚህ ከሰንበት ጧት ይልቅ ሰው ሥራ ላይ ያለበትን ሰዓት መምረጥ ይበጃል።

ለታመመ ሰው ጠያቂ ሆኖ መሄድ ሌላ ምዕራፍ ነው፤ በአጭሩ፦ ብርቱካኑን አስቀምጡ፣ «እግዜር ይማርህ» በሉ፣ በዚሁ በሽታ የሞተ ዘመዳችሁን ታሪክ አታንሡ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተነሡ። ምን እንደሚያመው ሳይሆን ማን እንደሚያድርለት ጠይቁት፤ ከተቻለ አንድ ሌሊት ተረከቡ።

ለቅሶ ላይ ግን ቆም እንበል፤ ትልቁ ጉድለታችን እዚያ ነውና። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድንኳኑ ይሞላል፣ እንጀራው ይመጣል፣ ወንዶቹ ጥግ ይዘው ስለ ፖለቲካና ስለ መሬት ዋጋ ያወጋሉ። ሐዘንተኛው በሰው ብዛት አፍ መክፈቻ የለውም። ከሣልስት በኋላ ድንኳኑ ይነቀላል፤ እስከ አርባው ድረስ ያለው ጊዜ ባዶ ነው። ቤቱ ዝም የሚለው፣ የሟች ጫማ በር ላይ የሚታየው ያኔ ነው። ወዳጅ የሚለየውም በዚያ መሀል ነው፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት፣ ዘመድ ወዳገሩ ሲመለስ። ባዶ እጅ መሄድ ካሳፈረ ቡና ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ሐዘንተኛዋ ለማፍላት አቅም ባይኖራት እንኳ ጠያቂዋ ትቆላለች። የሟቹንም ስም መጥራት ነው። እኛ ሐዘን ይቀሰቅሳል ብለን ስሙን እንሸሸዋለን፤ ቤተሰቡ ደግሞ ሰው ሁሉ ረሳው ብሎ ይከፋዋል። የድሮዋ አልቃሽ ይህን ታውቅ ነበር፤ ሙሾዋን ከመጀመሯ በፊት ምን ይወድ እንደነበር፣ ምን እንደሠራ ጠይቃ ነበር የምትገባ። እኛ ጠያቂዎቹ ከአልቃሽ ያነሰ እናውቃለን።

አንድ አደጋ ቀረ፦ የሰሙትን ወደ ሌላ ግቢ መላክ። ዓፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ሲቆረቁሩ ግንባቸውን በድንጋይና በኖራ አሠሩት፤ የኛን ግቢ ከጎረቤት የሚለየው ቆርቆሮ ነው። እትዬ ስለ ልጃቸው እንቅልፍ የተናገሩት ነገር ጀበናው ሳይቀዘቅዝ ከቆርቆሮው ማዶ «ልጁ አበደ አሉ» ሆኖ ሊሰማ ይችላል። አስተላላፊዋ ሁልጊዜ «ለማንም እንዳትነግሪ» ብላ ነው የምትጀምር፤ ያቺም እንዲሁ። ለባልም ቢሆን መንገር መንገር ነው። እንዲህ ያለው ወሬ አንድ ጊዜ ዞሮ ከእትዬ ጆሮ ከደረሰ፣ ከዚያ ወዲያ የሚጠጡት ቡና ሁሉ አቦል ብቻ ይሆናል።

የሰሙትን መያዝ ሲባል ግን መርሳት አይደለም። ከሳምንት በኋላ መንገድ ላይ ስትገናኙ፣ ከስድስቱ የሰላምታ ጥያቄዎች አምስቱን ትታችሁ አንዷን ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠይቁ፦ «እትዬ፣ ልጁ አሁን ይተኛል?»

እትዬ መጀመሪያ ደስ አይላቸውም። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብሰብ አድርገው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ ዐይናቸውን አጥብበው «ማን ነገረሽ?» ይላሉ። ሰው ሰምቷቸው ያስታውሳል ብለው ስላልጠበቁ ወሬው የወጣ ይመስላቸዋል። አትከፉ፤ «እርስዎው ነዎት፣ ያን ዕለት በረካ ላይ» በሏቸው።