እርማት፦ ለላየንስ ክለብ የሚዋጣው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል?

እዚህ ደብረ ማርቆስ ወገኖቼ ስለ ላየንስ ክለብ፣ ማለትም በብዙ አገሮች ክለቦች ስላሉት የበጎ አድራጎት ማኅበር፣ «የላየንስ ክለብን የእርዳታ ትኬት የገዛ ሰው፣ የገንዘቡ ግማሽ ወደ ውጭ አገር ዋና መሥሪያ ቤት ይሄድበታል» ሲሉ በተደጋጋሚ ስላነበብኩ፣ በአክብሮት ላርም። ለዋናው መሥሪያ ቤት የሚከፈለው አባላት ከራሳቸው ኪስ የሚያወጡት የአባልነት ክፍያ ነው፤ ከሕዝብ የተሰበሰበው ግን በማኅበሩ ደንብ መሠረት በተለየ ሒሳብ ተይዞ፣ የዝግጅቱ ቀጥተኛ ወጪ ብቻ ተቀንሶለት ለሕዝብ አገልግሎት ይውላል እንጂ ለክለቡ አስተዳደር አይወጣም። ስህተቱ የመጣው ሁለቱንም በደፈናው «መዋጮ» ስለምንላቸው ይመስለኛል። ማረጋገጥ የሚሻ ሰው የክለቡን ገንዘብ ያዥ የሁለቱን ሒሳቦች መግለጫ ለየብቻ ይጠይቅ። ሳያጣራ እጁን የሚሰበስብ ግን የሚጎዳው ዋናውን መሥሪያ ቤት ሳይሆን፣ ላየንስ ከካርተር ማዕከል (የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ካቋቋሙት ድርጅት) ጋር በአማራ ክልል ለዓመታት እንደደገፈው የትራኮማ (ዓይን የሚያሳውር በሽታ) መከላከል ዓይነት ሥራ የሚጠብቁትን የገጠር እናቶቻችንን ነው።