አፍሽን ግጥም አድርጊ

ወገኖቼ፣ ተቆጥቼ ነው የምጽፍላችሁ።

መቂ፣ የአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። ከሚዜዎቹ አንዷ የሙሽራዋ ታናሽ እህት ናት፤ 17 ዓመቷ። ስትጨፍር ውላ ሳቋ ገና ከፊቷ አልጠፋም። ለፎቶ ተደረደሩ። ካሜራማኑ ካሜራውን ዝቅ አደረገና «አንቺ ባለ ቡናማ ጥርስ፣ አፍሽን ግጥም አድርጊ፤ ፎቶውን ታበላሺብናለሽ» አላት። ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። «ኧረ ተው» ያለው አንድ ሰው የለም። አንዲት ሴትዮማ «የእናቷ ጥርስ እንደ ወተት ነው፣ የሷ ስንፍና ነው» አሉ። ልጅቷ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። እስኪመሽ አላወረደችውም። ኬክ ሲታደል እንኳ «ጠግቤያለሁ» አለች።

በማግስቱ ጓሮ አገኘኋት። ጥርሷን በጨርቅና በአሸዋ ትፈገፍጋለች። ድዷ ይደማል።

ስሙኝ እንጂ! ይሄ የንጽሕና ጉዳይ አይደለም። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል፤ ጥርሷን ቡናማ ያደረገው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይብለጥ ይላል። በመቂ፣ በዝዋይ፣ በወንጂ አካባቢ ከዚያ እጥፍ ድርብ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። ጥርሱ የሚጎዳው ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ በልጅነት ነው። እናቷ ደብረ ብርሃን አድገው በትዳር የመጡ ናቸው። ውሃው ሲያገኛቸው ጥርሳቸው አድጎ አልቋል። ልጆቻቸው ግን እዚያው ተወለዱ፣ ያንኑ ውሃ ጠጡ። በቡሩሽ አይለቅም። በአሸዋም አይለቅም።

እኔስ? ከሠርጉ በፊት በነበረው ፋሲካ ከአዲስ አበባ የጥርስ ሳሙናና ቡሩሽ ገዝቼ፣ እንግዳ በተሰበሰበበት «በደንብ ቦርሺ እሺ?» ብዬ የሰጠኋት እኔ ነኝ። አፏን በእጇ ሸፍና ተቀበለችኝ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ድንኳኑ ውስጥም ዝም ያልኩት፣ ካሜራማኑ ያላትን እኔ ቀድሜ ስላልኳት ነው። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ እስካሁን አፌ አልደፈረም።

አሁን ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀች እጇን አታወጣም አሉኝ። ስልክ ላይ ግን ትስቃለች። ፊቷ ስለማይታይ።

እባካችሁ፣ ልጆቹን ተዉአቸው። ጉልበት ካላችሁ ስለ ውሃው ጩኹ። ትሰሙኛላችሁ ብዬ ብዙም አልጠብቅ፤ ግን ታናሽ ወንድም አላት፣ ስድስት ዓመቱ። ባለፈው ስሄድ የፊት ጥርሱን ነቅሎ ጣሪያ ላይ ወርውሮታል። አፉን በሰፊው ከፍቶ ባዶውን ቦታ ለመጣው እንግዳ ሁሉ እየሳቀ ያሳያል።