ጅማን በወሬ አታስጥሟት

የጅማ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ስሙኝ።

ክረምት በገባ ቁጥር ያው ነው። አዌቱ ወንዝ ይሞላል፣ ዳር ያሉ ቤቶች ውሃ ይገባባቸዋል። ይህ እውነት ነው፤ ያሳዝናልም። ግን በርጫ ላይ «አምስት ቤት» የነበረው ማታ ቴሌግራም ላይ «ሰፈሩ በሙሉ» ሆኖ ያድራል። ምርቃናው ቁጥር ያሳድጋል መሰለኝ። አዲስ አበባ ያለችው እህት፣ ጅዳ ያለው ወንድም ሌሊቱን ሙሉ ሲደውሉ ያድራሉ። ወሬው ደግሞ ፎቶ አለው። ፎቶ ካለ ማን ይጠይቃል?

እናንተ ጠይቁ እንጂ! ይህችን ከተማ ከእናንተ በላይ ማን ያውቃታል? ሂርማታና ፈረንጅ አራዳ ያደገ ሰው የሰፈሩን ግንብ እንዴት ከሌላ አገር ግንብ መለየት ያቅተዋል? የሱቁን ማስታወቂያ አንብቡት፤ የእኛ በቁቤና በአማርኛ ነው የሚጻፈው። ታርጋውን እዩ። ባጃጁን እዩ። ግድግዳው ላይ የቀረው የጭቃ መስመር እስከ የት ነው? «ውሃው ጣሪያ ደረሰ» ከሚል ጽሑፍ ሥር ሰውየው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ቆሟል። እሱን እያያችሁ «ዋይ ዋይ» ብላችሁ ሼር ታደርጋላችሁ። ምን ይባላል ይሄ? ደግሞ የኮሪደር ልማቱ የመንገዶቻችንን መልክ ቀይሯል። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሊታይበት በሚገባ ቦታ ካልታየ፣ ፎቶው የከረመ ነው።

የእኛ አገር ያልሆነ ፎቶም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኔፓልን የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት፣ ታናሽ እህቱን ያቀፈ ትንሽ ልጅ ፎቶ ዓለምን አስለቀሰ። ከአደጋው የተረፉ ወንድምና እህት ተባሉ። ሰው እነሱን ለመርዳት ፍለጋ ገባ። ፎቶው ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ቬትናም ውስጥ የተነሳ ነበር። ወደ 9,000 የሚጠጋ ሰው በሞተበት አደጋ ላይ የሌላ አገር እንባ መጨመር ለምን አስፈለገ? የራሱ አልበቃ ብሎ ነው?

ይህን ለማጣራት ፎቶውን ጎግል ሌንስ በሚባለው የፎቶ መፈለጊያ ላይ መጫን ነው። ቀድሞ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ከነበረ ብዙውን ጊዜ ያመጣላችኋል። ምንም ካላመጣ ግን «እንግዲያው እውነት ነው» ብላችሁ እንዳትሮጡ። ትናንት ማታ በኤአይ የተሠራ ፎቶም ቀድሞ የወጣበት ቦታ የለውም። «ግማሽ ከተማ በውሃ ተዋጠ» ለሚል ሰው ደግሞ ሳተላይት አለ። የአውሮፓዎቹ ሴንቲኔል 2 ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ ገደማ ያነሳሉ፣ ምስሉም በነጻ ይገኛል። አንድ ጎጆ አይለይበትም፤ ግማሽ ከተማ ግን አይደበቅበትም። የክረምት ደመና ካልሸፈነው ማለቴ ነው፤ የጅማን ሰማይ ታውቁታላችሁ።

ሌላም ወገን አለ፣ እሱንም አልምረውም። ደረቅ አስፋልት አንስቶ «ምንም የለም፣ ውሸታሞች!» የሚለውን። ውሃ እኮ መጥቶ ይሄዳል። አንተ ከሰዓት በኋላ ያነሳኸው መንገድ ለሌሊቱ ምስክር አይሆንም። ደግሞስ ፎቶ ሁሉን መች ያሳያል? ሐምሌ 2016 ደቡብ ኢትዮጵያ ጎፋ ዞን ውስጥ መሬት ሲንሸራተት በመጀመሪያው ቀን የተሰማው የሟቾች ቁጥር 55 ነበር፤ በማግስቱ ከ200 በለጠ። ሊያወጧቸው የሮጡትም በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ። በፎቶው የምናየው ቀይ አፈርና በእጃቸው የሚቆፍሩ ሰዎችን ነው። ከአፈሩ ሥር ስንት ሰው እንዳለ በምን እንወቀው? ፎቶ የውሃውን ከፍታ ያሳያችሁ፣ የፈረሰውን ግድግዳ ያስቆጥራችሁ። የሞተውን ግን እድሩንና ቀበሌውን ጠይቁ።

እናንተም ስታነሱ አደራ። አንዱን የፈረሰ ግድግዳ አስጠግቶ ማንሳት ሰፈሩ ሁሉ የፈረሰ ያስመስላል። ራቅ በሉ፤ መስጊዱም ሆነ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ድልድዩም ይግባበት። ነገ ከዚያው ቦታ ድገሙት። በቴሌግራም የምትልኩት ከሆነ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከሄደ ውስጡ የተመዘገበው ቀንና ቦታ ይጠፋል። የሟች ፊት ግን አታንሱ፣ ነውር ነው።

ለተጎዳው የምታዋጡ ሰዎች፣ ፎቶ የላከላችሁን ልጅ ማን እንዳነሳውና የት ቆሞ እንዳነሳው ሳትጠይቁ ብር እንዳትልኩ። ውሸት መሆኑን ካወቃችሁም ፖስቱን አጥፍታችሁ ዝም አትበሉ። እዚያው ግሩፕ ላይ «ያ ፎቶ የእኛ አይደለም» ብላችሁ ጻፉ፤ ጅዳ ላለው ወንድማችሁም ራሳችሁ ደውሉለት።