ከአስር ስንት ያምዎታል?

ሰሞኑን ያጋጠመኝን ልንገራችሁ፣ ካልተናገርኩት አይወጣልኝም። እዚህ አሜሪካ የአንስቴዥያ፣ ማለትም የማደንዘዣ ህክምና፣ ስፔሻሊቲ እየተማርኩ የምሰራ ሬዚደንት ሐኪም ነኝ፣ ይሄን ወር የተመደብኩት ኦፕሬሽን የተሰራ ወይ ጎድኑ የተሰበረ ሰው ጋ እየዞረ ህመሙን ብቻ የሚከታተል ቡድን ውስጥ ነው። አዎ፣ ህመምን ብቻ። ጠዋት ራውንድ ስንወጣ መጀመሪያ የምንጠይቀው ዝም ብለህ ስትተኛ ከአስር ስንት ያምሃል፣ ስትስልስ ስንት ይሆናል የሚለውን ነው።

ታዲያ ባለፈው ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከቢቸና የመጡ እናት አንጀታቸው ታጥፎ ሆዳቸው ተከፍቶ ተሰርተው አገኘኋቸው። የህመም ፓምፕ ቁልፍ እጃቸው ላይ ተሰጥቷቸዋል፣ ሲያምህ ስትጫነው 1 ሚሊግራም ሞርፊን በደም ስርህ ይገባል፣ ከዛ መጠኑ እንዳያልፍ ለጥቂት ደቂቃ ብትደጋግመውም አይሰጥህም፣ ስንቴ እንደተጫንክ ግን ይመዘግባል። የእማማን ስከፍተው ሌሊቱን ሙሉ ዜሮ። ነርሷ በስልክ አስተርጓሚ ጠይቃቸው «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ስላሏት ህመም የለም ብላ ጽፋለች። በሷ አልፈርድም፣ እኛ ጋ ደህና ነኝ ሰላምታ መሆኑን በምን ታውቃለች።

«እማማ እስቲ ይሳሉልኝ» አልኳቸው። የአልጋውን ብረት ጨብጠው ሞከሩ፣ ድምፅ እንኳ አልወጣም፣ ግንባራቸው በላብ ራሰ። ቁልፏን ለምን አልተጫኑም ስላቸው «ኧረ ልጄ፣ ሰው በሌሊት ላስነሳ? ደሞስ ይቻላል ይሄ» አሉኝ። ነርስ መጥሪያ መስሏቸው ኖሯል።

ይቻላል! ጎጃም ያደገ ሰው ያውቃታል ይችን ቃል። ቻል አርገው፣ ጎበዝ አይደለህ እንዴ፣ ወንድ ልጅ ያለቅሳል እንዴ። እኔም በሷ ነው ያደግኩት፣ አሁን ግን ታንገበግበኛለች፣ ምክንያቱም ሆዱ የተከፈተ ሰው ህመሙን ፈርቶ በደንብ አይተነፍስም አይስልም፣ አክታው ሳንባው ውስጥ ይጠራቀምና የሳንባ ምች ይይዘዋል፣ ከአልጋ ካልወረደ ደሞ እግሩ ውስጥ ደም ይረጋበታል።

አባየን ያገኘው ይሄው ነው። ከ9 ዓመት በፊት እዛው ጎጃም አንድ ሆስፒታል፣ ያው አንጀት መታጠፍ፣ ያው ኦፕሬሽን። ጠዋት ጠዋት ሐኪሞቹ ይመጣሉ፣ «ጋዝ ወጣ?» ይላሉ፣ አንጀቱ መስራት ጀመረ ወይ ለማለት ነው፣ ፋሻውን ገለጥ አርገው ያያሉ፣ ቀጣዩ አልጋ። ጋዝ ወጣ! ስለ ጋዙ በየቀኑ ተጠየቀ፣ ስለ ህመሙ አንድ ቀን እንኳ ማንም ትንፍሽ አላለም። ዳይክሎፌናክ የሚባለው የህመም ማስታገሻ ሲታዘዝ ከውጭ ግዙ ይሉናል፣ ማታ ፋርማሲው ተዘግቷል፣ እሱ ጋቢውን ነክሶ ያድራል። በአምስተኛው ቀን ሳንባው ተያዘ። እኔ ያኔ የህክምና ተማሪ ነኝ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ እኔም አልጠየቅኩትም።

መድኃኒት የለም እንዳትሉኝ። ፓምፑ የለም፣ ሞርፊንም እንደልብ አይገኝም፣ እሱ እውነት ነው። ግን ፓራሲታሞልን በሽተኛው እስኪለምን ሳይጠብቁ በየ6 ሰዓቱ ለመስጠት ምን ማሽን ይፈልጋል? ቡፒቫኬይን የሚባለውን ማደንዘዣስ ለቄሳሪያን ወገብ ላይ ስንወጋው የኖርን አይደለም እንዴ? እዚህ ያሉትም ቢሆን በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ህመም እንደ ደም ግፊት ይለካ ብለው ተነስተው ኦፒዮይድ፣ ማለትም እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ ማስታገሻ፣ ያለልክ ሲያዙ ስንቱ ሱሰኛ ሆኖ አለቀ፣ ስለዚህ አሁን ከሞርፊን በፊት ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌንና ነርቭ ማደንዘዝን ነው የሚያስቀድሙት።

ለእማማም በአልትራሳውንድ እያየን በሆዳቸው ግራና ቀኝ ጡንቻው መሀል ማደንዘዣ ሰጠናቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትራስ ሆዳቸው ላይ አቅፈው ሳሉ፣ ድምፅ ያለው ሳል፣ ከዛ ተነስተው ወንበር ላይ ተቀመጡና ልጅ ወልደህ ሳም ብለው መረቁኝ።

ማታ አባየ ጋ ደወልኩ። ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ ካወራን በኋላ «አባየ፣ ያኔ ሆስፒታል ተኝተህ በጣም ያምህ ነበር?» አልኩት። ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ ስል «አለሁ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ «ሲያስለኝ ነበር የሚብሰው» አለ።